ምኅዋርን ለማስላት ቴሌስኮፕ አይጠበቅም

የሱሉልታ ተማሪ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚሻገረው የእንጦጦ ተራራ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችን ተሸክሟል። ስለ ጥቁር ጉድጓድ ባነሣን ቁጥር ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመላለሱ ተማሪዎቼ «እንጦጦ ያሉት ያሳዩናል?» ይሉኛል። በጥቁር ጉድጓድ አፋፍ ያለውን ምኅዋር አያሳዩንም። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን፣ መሣሪያ የሌለው በዚህ ሳይንስ ድርሻ የለውም የሚለውን እምነት ግን አልቀበልም።

በኒውተን ሕግ አንዲት ፕላኔት ኮከቧን ለመዞር፣ ቀርባ ለመራቅ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለማለት የሚፈጅባት ጊዜ እኩል ስለሆነ ምኅዋሯ መነሻው ላይ ይገጥማል። ሮይ ኬር እ.ኤ.አ. በ1963 ባገኘው የአንስታይን እኩልታዎች መፍትሔ መሠረት፣ በሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ሦስቱ ጊዜያት ይለያያሉ። ምኅዋሩ እንደ ልቃቂት ክር እየተጠመጠመ ቦታውን ይሞላል እንጂ አይገጥምም።

አንዳንድ ጊዜ ግን አካሉ ሁለት ጊዜ ቀርቦ እስኪርቅ ድረስ በትክክል ሦስት ጊዜ ላይና ታች ይላል፤ ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ያንኑ ንድፍ ይደጋግማሉ። ሪዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል፤ ያለ ምቱ የተገፋው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ በምቱ የተገፋው ይከማቻል። እዚህ ገፊው አካሉ ራሱ የሚረጨው የስበት ሞገድ ነው። ፍላናጋንና ሂንደረር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ አካሉ እየጠበበ በሚሄደው ጉዞው በሪዞናንስ ሲያልፍ መንገዱ ከተለመደው ስሌት ያፈነግጣል።

ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ያጸደቀው ሊዛ፣ እርስ በርሳቸው 2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሦስት መንኮራኩሮች ሆኖ በ2035 እንዲመጥቅ ታቅዷል። ከሚያደምጣቸው ድምፆች አንዱ፣ አነስተኛ አካል ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድን በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዙሮች ዞሮ ሲወድቅ የሚወጣው ሞገድ ነው። ምልክቱ ከጫጫታው የሚለየው አስቀድሞ በተሰላ ንድፍ ሲሆን፣ ሪዞናንስን የዘለለ ንድፍ ከመንገድ ይስታል። ዛሬ በሰበታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያን ጊዜ ለምርምር ትደርሳለች።

እኔ በውጭ አገር ዶክትሬቴን ስሠራ አንድም ቴሌስኮፕ አልነካሁም፤ ሥራዬ በወረቀትና በተራ ኮምፒውተር ነበር። (መብራት አለመጥፋቱ መርዳቱን አልክድም።) ጥፋቱ የእኛ የመምህራንም ነው፤ ስለ ምኅዋር ስናስተምር በሚገጥመው ሞላላ ላይ እንቆማለን።

ስለዚህ ከዚህ ጀምሩ፦ ከርቀት ካሬ ጋር በሚቀንሰው የኒውተን ኃይል ላይ፣ ከርቀት አራተኛ ፓወር ጋር የሚቀንስ ትንሽ ኃይል ጨምሩና በኮምፒውተር አስሉት። ሞላላው በየዙሩ ጥቂት ሲዞር፣ ስንት ዙር ሄዶ ወደ መነሻው እንደሚመለስ ቁጠሩ።