የአንጀት ነገር ከጓዳ ይጀምራል



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ለአንጀት ፍቱን» እየተባሉ በየቤቱ የሚዞሩ እንክብሎችና ዱቄቶች መብዛታቸው የታወቀ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው ካርቶን ሙሉ ይዞ መጥቶ በአዳራሻችን ቆሞ ለመሸጥ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ኮሚቴው አልፈቀደም። በዚህ ቅር የተሰኙ አባሎች ስላሉ ምክንያቱን በሰሌዳችን ላይ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

በሰው አንጀት ውስጥ፣ ይልቁንም በትልቁ አንጀት፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ግምት ቁጥራቸው ወደ 38 ትሪሊዮን ይደርሳል፤ ከራሳችን የሰውነት ሴሎች ቁጥር ብዙም አይርቅም። ባክቴሪያ ሲባል ሁሉም በሽታ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ሊጥ ላይ እርሾ ጨምረን ሁለት ሦስት ቀን ስናስቀምጥ የሚያቦካው እርሾው ውስጥ ያለው ረቂቅ ተሕዋስ አይደለም እንዴ? ትልቁ አንጀታችንም እንደ ቡሃቃ ነው። እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የአትክልት አሰር እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚገኘውም ነገር የአንጀቱን ግድግዳ መልሶ ይመግባል።

እንግዲህ የእነሱ ቀለብ አሰር ነው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ከጓዳችን የጠፋ አይደለም፤ ጤፉ፣ ገብሱ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ሁሉ አለው። በጾም የምንበላው አብዛኛው ይኸው ነው። ጤፍ ተወዷል የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ሆኖም ማሽላና ገብስ ቀላቅሎ መጋገር አንጀትን አይጎዳም፤ እንዲያውም የቀለቡን ዓይነት ያበዛለታል። አሳሳቢ የሆነው ልጆቻችን ጠዋት ብስኩት፣ ቀን ነጭ ዳቦ፣ ማታ ፓስታ እየበሉ በለስላሳ መጠጥ ማወራረዳቸው ነው። የነጭ ዱቄት ገለባ እኮ ፋብሪካ ቀርቷል። በብስኩቱ ፋንታ ሽንብራ ወይም ስንዴ ንፍሮ ተቀቅሎ ቢያዝላቸው ምን አለበት? ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይጨምር፤ አለበለዚያ ሆዱ ይነፋል፣ አጠገቡ የተቀመጠም ይታዘባል።

አንዳንዱ እንጀራ ራሱ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ይመስለዋል። የምጣዱ ሙቀት ይፈጃቸዋል። የማቡካት ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ለሰውነት እንዳይደርስ ይዞ የሚያስቀረውን ነገር ይቀንሰዋል። ሕያዋኑ የሚገኙት እርጎ ውስጥ ነው። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሊቅ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው በእርጎ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ዕድሜ ማርዘሙ አልተረጋገጠም። ዛሬ ፕሮባዮቲክ ተብሎ በእንክብል የሚሸጠው ግን ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። እርጎ የምታዘጋጁ፣ ጥሬ ወተት የከብት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ወተቱን አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ከቀደመው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት።

ወደ እንክብሉ እንመለስ። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ማስረጃውን መርምሮ፣ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር ለአብዛኛው የሆድ ሕመም ፕሮባዮቲክ ውሰዱ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ በፀሐይ ሲዞር በዋለ ካርቶን ውስጥ ስንቱ ባክቴሪያ በሕይወት እንዳለ ሻጩም አያውቀው። ለቤት አስቤዛ የታሰበ ብር ለዚህ መውጣቱ ነው የሚያሳዝነው።

ይህ ሲባል ግን በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሁሉ አትውሰዱ ማለት አይደለም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ብረትና ፎሊክ አሲድ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦ.አር.ኤስ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ፣ ጥቅማቸው የታወቀ ነው። ብረቱ ሰገራ አጠቆረ፣ ሆድ አደረቀ ብላችሁ ከምትጥሉት ለጤና ባለሙያው ንገሩ።

ከሁሉ የባሰብን ሌላ ነገር ነው። ሆድ በቆረጠን ቁጥር «አሜባ ነው» ብለን ሳንመረመር ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮ ገዝተን እንውጣለን። የተረፈውን ለጎረቤት እናውሳለን፤ እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ማለት ነው። አሜባ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በምርመራ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በሽታ አምጪውን ብቻ መርጠው አይገድሉም፤ የሚጠቅመንንም ባክቴሪያ ያጠፋሉ። ቡሃቃው ላይ ፍል ውሃ እንደመድፋት ያለ ነው። አንዳንዱ ሰው ተቅማጥ የሚይዘው መድኃኒቱን ከዋጠ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው። አንጀቱ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ደግሞ በዘፈቀደ በተወሰደ ቁጥር ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየተላመደ፣ በእውነት ሲያስፈልገን እንዳይሠራልን ይሆናል። ሐኪም አይቶ ካዘዘው ግን እንደታዘዘው ይወሰድ፤ ሰው በነገረን ወሬ አይቋረጥ።

ስለዚህ በየቤቱ በመሳቢያ የተረፈ ካፕሱል ያላችሁ ለማንም እንዳትሰጡ ኮሚቴው አጥብቆ ያሳስባል። ለተራ ተቅማጥ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ይቀድማል፤ ሕፃንም ጡት አይከልከል። ሰገራው ደም ካለበት፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ወይም ሕፃኑ ዓይኑ ጎድጉዶ መጠጣት እምቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

የማኅበሩ ጸሐፊ