ፍጥነት በሳንቃ ላይ

«ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው» የሚለውን ቃል በትምህርት ቤት ያላጠና የለም። ማጥናቱ ባልከፋ፤ ዳሩ ግን ብዙው ተማሪ የአንዲት ነገር ፍጥነት እንኳ በገዛ እጁ ሳይለካ ፈተናውን ያልፋል።

የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዎ ጋሊሌይ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1638 ዓ.ም. በላይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ እንደገለጸው፥ 12 ክንድ ያህል በሚረዝም ሳንቃ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ አውጥቶ፥ ውስጡን በለሰለሰ ብራና ለብጦ፥ አንዱን ጫፍ ከፍ በማድረግ ድብልብል የነሐስ ኳስ ያንከባልልበት ነበር። ሴኮንድ የሚቈጥር ሰዓት ስላልነበረው፥ ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅሞ በሚዛን ይመዝናል፤ ውሃው በከበደ መጠን ጊዜው ረዝሟል ማለት ነው። ሳንቃውን ማዘንበሉም ብልሃት ነው። ከ160 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ ከግማሽ ሴኮንድ ጥቂት በልጦ መሬት ስለሚደርስ ለመለካት ያስቸግራል፤ በዝግታ የሚንከባለል ኳስ ግን ጊዜ ይሰጣል።

ይህንኑ በማናቸውም ክፍል ማድረግ ይቻላል። (ቢሮ የምትውሉም በታናሽ ወንድማችሁ ብይ ብትሞክሩት ነውር የለበትም።) ቦይ ያለው የ160 ሳንቲ ሜትር ሳንቃ ፈልጉ፤ አንዱን ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና ብዩን ሳትገፉ ልቀቁት። ታች ለመድረስ አራት ሴኮንድ እስኪፈጅ ድረስ ከፍታውን አስተካክሉ። በ10፥ በ40፥ በ90 እና በ160 ላይ በጠመኔ ብታሰምሩ፥ ብዩ በየሴኮንዱ አንዱን መስመር ሲያልፍ ታያላችሁ።

ተማሪው 160ን ለ4 አካፍሎ «በሴኮንድ 40» ብሎ ይጽፋል፤ አስተማሪውም «ትክክል» ይልለታል። እኔ ግን ትምህርቱ ገና እዚህ ላይ ይጀምራል እላለሁ። ብዩ ሲነሣ ቆሞ ነበር፤ ሲደርስ ይሮጣል፤ ፍጥነቱ 40 የሆነው በመንገዱ ላይ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። ታዲያ ታች ሲደርስ ስንት ነበር? ይህን ለማወቅ ለጥ ያለ ሁለተኛ ሳንቃ ከሥር ይቀጠልና ብዩ በአንድ ሴኮንድ የሄደው ይለካ። ወደ 80 ይጠጋል፤ የመካከለኛው ፍጥነት እጥፍ መሆኑ ነው።

75 ቢመጣስ? አስተማሪው ቀይ እርሳሱን ለማንሣት አይቸኩል። ሳንቃው ሻካራ እንደ ሆነ፥ መጋጠሚያው ብዩን አሰናክሎት እንደ ሆነ፥ ሰዓት የያዘው ልጅ ዘግይቶ እንደ ሆነ ተማሮቹ ራሳቸው ተከራክረው እንደ ገና ይልቀቁት።