«ቀሪ» ብሎ ማለፍ ይብቃ

የብዙ ወላጅ አልባ ሕፃናት እናት የነበሩት ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ፣ ስማቸው በተነሣ ቁጥር «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ማለት ተለምዷል። ውዳሴው ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚጠቅመን ሥራቸውን መከተል ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሲሄዱ ወሎን ረሃብ መትቶት ነበር። ለመንገድ የያዙትን ዳቦ አካፈሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ቢቃወሙ ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በማብላት ብቻም አልቆሙም፤ ልጆቹ ትምህርትና የእጅ ሙያ እንዲያገኙ አደረጉ።

ታዲያ አንዳንዶቻችን «የመምህር ደመወዝ ለራስስ መቼ ይበቃል?» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ልጅን መጠየቅ እኮ ገንዘብ አይፈልግም። ሦስት ቀን የጠፋን ተማሪ «ቀሪ» ብለን መዝግበን ካለፍነው ማን ይፈልገዋል? ታሞ ይሆን? የሚበላው አጥቶ ይሆን? ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቅ። እሳቸውም የጀመሩት በሁለት ልጆች ነው።

ከአንድ ዕጩ መምህር