አሮጌውን ስልክ ከመሸጣችን በፊት



አዲስ ስልክ በገዛን ማግስት አሮጌውን ሸጦ መገላገል ልማድ ሆኖብናል። ነገሩ አልጣመንም። በዚያ ስልክ ውስጥ የሟች እናት ፎቶ አለ፤ ዓረብ አገር ያለች ልጅ የላከችው ድምፅ አለ፤ የዕድሩ መዋጮ መዝገብ ፎቶ ሳይቀር አለ።

አንዳንዱ «ሲሙን ካወጣሁ ሁሉም አብሮኝ ይሄዳል» ይላል። አይሄድም! ሲም የሚይዘው ጥቂት መቶ ስም ነው፤ ፎቶ አይይዝም። «ጉግል ላይ ተቀምጧል» የሚሉ ልጆችም አሉ። ደግ ነው፤ ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንት ወር እንደቆየ አንርሳ። ስለዚህ ፎቶውን በሚሞሪ ካርድም መገልበጥ ይገባል እንላለን። ቴሌግራም በስልክ ቁጥራችን ይመለሳል፤ የዋትስአፕ መልእክት ግን አስቀድሞ ባክአፕ ካልተደረገ የለም።

ለጥገና ቤት ልጅ የቴሌብር ምስጢር ቁጥር መንገርስ ምን የሚሉት ነው? ቁጥሩን እኛው እንምታ፤ እሱ ዞር ይበል።

አዲሱ ላይ ፎቶውም ስሙም መከፈቱን ሳናይ አሮጌውን አናጥፋ። ስናጠፋም ጂሜይላችንን አስቀድመን እናውጣ፤ አለዚያ ስልኩ ገዢው ላይ ሊቆለፍና ሰውየው ተመልሶ ደጃችን ሊቆም ይችላል።

የከበደው አባል እሑድ ከስብሰባ በኋላ ሁለቱንም ስልክ ይዞ ይምጣ፤ የሚያግዙ ወጣቶች አሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ