«ወረቀትሽን እስክታገኚ ቻይው» አትበሏት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል በጋብቻ አሜሪካ የገቡ አሉ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ባሏ የሚመታት፣ ስልኳን የሚፈትሽባት፣ ደሞዟን የሚቀበላት ግን አትጠፋም። አገር ቤት ደውላ ስታለቅስ የምትሰማው መልስ «ወረቀትሽን እስክታገኚ ቻይው» ነው። እሱም «ፖሊስ ብትጠሪ አገርሽ ነው የምትመለሽው» ይላታል። ልብ በሉ፣ የእኛ ምክርና የሱ ዛቻ አንድ ሆነ እኮ!

ይሄንን ዛቻ የአሜሪካ ሕግ ካወቀው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ በአጭሩ «ቫዋ» የሚባለው ሕግ ለዚህ መላ አለው። ባልየው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ የተጎዳችው ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ራሷ ማመልከት ትችላለች። ፎርሙ አይ-360 ይባላል፤ ማስገቢያ ክፍያ የለውም። የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ማመልከቷን ለባልየው እንዳይነግሩ ሕጉ ይከለክላል። ዱላ ብቻም አይደለም፤ ከባድ ማስፈራራትና ከሰው መነጠልም ሊቆጠር ይችላል። ከተፋታች ደግሞ ፍቺው ከጥቃቱ ጋር ከተያያዘ እስከ 2 ዓመት ጊዜ አላት።

የ2 ዓመት ግሪን ካርድ የያዘችም «አብሮኝ ካልፈረመ አለቀልኝ» አትበል። ጥቃት ከደረሰባት ብቻዋን የምታመለክትበት መንገድ አለ።

ስሙ የሴቶች ይሁን እንጂ ለወንድም ይሠራል። የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ሄደው 21 ዓመት በሞላውና ዜጋ በሆነ ልጃቸው የሚንገላቱ እናትና አባትም ይጠቀሙበታል። ይሄንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ታዲያ ለወረቀት ብላ በውሸት ብትከሰውስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሕጉ ዝም ብሎ አይሰጥም። ጋብቻው የእውነት እንደነበር፣ አብረው እንደኖሩ፣ ጥቃት እንደደረሰባት፣ ጠባይዋም መልካም እንደሆነ ማሳየት አለባት። የፖሊስ ሪፖርት የግድ አይደለም፤ የሐኪም ወረቀት፣ ፎቶ፣ የጽሑፍ መልእክት፣ የጎረቤት ምስክርነት ይረዳል።

ሁሉንም ያድናል አልልም። ባልየው በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ከሆነ ይሄ መንገድ አይሠራም። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጠው ዩ ቪዛ አለ፤ እሱ ግን በዓመት 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር እንጂ የቡና ላይ ወሬ ሰምታ አትወስን።

ገበናን መሸፈን ባህላችን ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ገበና የሚሸፈነው ሰው ሲተርፍ ነው። እናትና አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ ሽማግሌ፦ «ቻይው» ከማለታችሁ በፊት «ጠበቃ አናግረሻል ወይ?» በሏት።

አደጋ ላይ ከሆነች 911። ለምክር 1-800-799-7233፣ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

አደራ፣ እዚህ ኮሜንት ላይ ስሟን ታግ እንዳታደርጉ። ሊንኩንም ከመላካችሁ በፊት ስልኳን ማን እንደሚያይ አስቡ። ብቻዋን ስታገኟት በቃል ንገሯት።