ዳኛውን ተጫዋቹ ሲሾመው

ሰሞኑን አንድ አብሮ አደጌ ሹም ማኪያቶ ላይ አገኘሁትና፣ የትምህርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የበላዮች ሹመት በአደባባይ ይሁን ብዬ ሞገትኩት። «አንተ ደግሞ!» አለኝ፤ «እነዚያ ዴሞክራሲ አስተማሩን የምትሏቸው እንግሊዞችስ የፓርቲያቸውን ሰው አይደል የሚሾሙት?»

እውነቱን ነው። ግማሹን ግን ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቆጣጠር፣ በእኛ አፍ «የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት» ልንለው የምንችል መሥሪያ ቤት አለ። በ2017 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ2018 ሥራ ጀመረ (ዘመኑ የፈረንጅ ነው)። በ2021 የቦርዱ ሊቀ መንበር የሆኑት ሎርድ ዋርተን ናቸው። ማን ናቸው እሳቸው? የቦሪስ ጆንሰንን የ2019 የፓርቲ መሪነት ቅስቀሳ የመሩ ሰው! ወንበሩን ከያዙ በኋላም በሎርዶች ምክር ቤት የገዢው ፓርቲ አባል እንደሆኑ ቀጠሉ። ጉድ እኮ ነው!

ግን ሰውየው ከመሾማቸው በፊት በፓርላማው የትምህርት ኮሚቴ ፊት ቀርበው በግልጽ ተጠይቀዋል። ተቃዋሚው ጮኸ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ በዚህም የታሰረ የለም። በ2023 የሎርዶች ምክር ቤት ኮሚቴ፣ መሥሪያ ቤቱ ከመንግሥት ነፃ አይመስልም ብሎ በጽሑፍ ወቀሰ። በ2024 መንግሥት ሲለወጥ ሎርዱ ለቀቁ። ቀደም ሲልም በ2018፣ ገና ከጅምሩ፣ የቦርድ አባል የተደረገ አንድ ጋዜጠኛ ድሮ የጻፈው ነውር ሲወጣበት በቀናት ውስጥ ወርዷል።

ሹሙ የዋጠው ግማሽ ይኸ ነው።

የእኛስ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። በአዋጅ ቁጥር 650/2001 ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ቦርድ ሰብሳቢ የሚሾመው ይኸው ሚኒስቴር ነበር፤ ወንበሩ ላይም ሚኒስትርና የክልል ሹም ሲፈራረቅበት አይተናል። አሠሪውም እሱ፣ ተቆጣጣሪውም እሱ! በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 845,188 ልጆች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ለእነዚያ ትምህርት ቤቶች ደረጃ ሲሰጥ ከርሞ ማን ተጠየቀ? ልጆቹ ግን «ሰነፎች» ተባሉ።

እኔ ራሴ ዲፕሎማዬን የያዝኩት ከአንድ የግል ኮሌጅ ነው። ዛሬ ግቢው የቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ማስረጃዬ ይረጋገጥልኝ ብዬ አንድ ቢሮ ብሄድ፣ «ከኮሌጅህ ደብዳቤ አጽፈህ ና» አሉኝ። ከየት አባቴ? ከሶፋ ሻጩ? ፈቃድ የሰጠ መንግሥት፣ ሲዘጋም ቆሞ ያየ መንግሥት፤ ወረቀት ታቅፎ የሚንከራተተው ግን እኔ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እጩው ማን እንደሆነና የት ምን ሲሠራ እንደኖረ አስቀድሞ ይነገረን። ምክር ቤቱ ውስጥ ባለው የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ፊት ይቅረብና ወላጅ እያየ፣ ተማሪ እየሰማ ይጠየቅ። የፓርቲ መታወቂያ ካለውም ያስረክብ። ሹመቱን ከማታ ዜና መስማት ሰልችቶናል። በግሌ ሰውየው ብርቱ ምሁር ቢሆን እንኳ በጓዳ ከተሾመ አላምነውም፤ የሾመው በጓዳ ሊያወርደው ይችላላ!

ይህን ሁሉ ለአብሮ አደጌ ነገርኩት። ሰዓቱን አየና «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ብድግ አለ። የማኪያቶውን ሒሳብ እንኳ የከፈልኩት እኔ ነኝ።