ከዱላው ጀርባ ያለው ወረቀት

የቤት ውስጥ ጥቃትን «የባልና የሚስት ጉዳይ» አድርጎ የሚመለከተው ኋላ ቀር አስተሳሰብ በተደጋጋሚ ተወግዟል። ከውግዘቱ ባሻገር ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ግን ደብዳቢው የሚተማመነው በምንድን ነው የሚለው ነው። በጡንቻው ብቻ ነውን?

ከገጠር ተነሥታ አውቶቡስ ተራ የምትወርድ ወጣት ብዙም ሳትርቅ አብነት ውስጥ በደላላ አማካይነት የቤት ሠራተኛ ትሆናለች፤ ወይም ከአንድ ሰው ጋር ጎጆ ትቀልሳለች። ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ ካልያዘች የከተማው ነዋሪ ሆና ለመመዝገብ ትቸገራለች። ቤቱ የተከራየው በእርሱ ስም ነው፤ ጋብቻውም በክብር መዝገብ አልሰፈረም። በመሆኑም የምትደበደብበት ቤትና የምትጠለልበት ቤት አንድ ነው። «ሂጂና ክሰሺ፤ መታወቂያሽን ሲጠይቁሽ እናያለን» የምትለዋ ዛቻ ከዱላው ይልቅ ታስራታለች።

ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ያለ ጋብቻ አብራ ለምትኖረውም ሴት ከለላ ይሰጣል፤ መታወቂያ ይኑራት አይልም። ይሁን እንጂ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩትን ሀብት የጋራ የሚያደርገው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሲዘልቅ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የጋገረችውና ያጠበችው ሴት በዚህ ድንጋጌ ከጋራ ሀብት የምትካፈለው የላትም! የቤት ሠራተኛዋንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል።

ይኸው የጥገኝነት ግንኙነት ባሕር ሲሻገር «ካፋላ» ይባላል። በሊባኖስ የስደተኛዋ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከደብዳቢ አሠሪ ቤት ያመለጠች ሴት በማምለጧ ሕገ ወጥ ትባላለች። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት ወገናችን እየተጎተተች ወደ መኪና ስትገባ ዓለም በምስል ተመለከተ፤ በተከታዩ ወር ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ያን ጊዜ የተቆጣነው በሚገባ ነበር። ታዲያ ቤሩት ላይ ያወገዝነውን አብነት ላይ «የቤት ገበና» ብለን የምናልፈው በየትኛው ሚዛን ነው?

ቀበሌ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲደራጅ ተከራዩን ከባለ ትርፍ ቤቱ ጫና ለማላቀቅ ከታወጀው ሕግ ጋር ነበር። የእርሱን ሥራ ዛሬ የተረከበው ወረዳ እንዲህ ያለችውን ሴት በራሷ ስም ሊመዘግባት፣ ፖሊስም አቤቱታዋን ያለ መታወቂያ ሊቀበላት ይገባል። ነዋሪነቷን እንዲመሰክር የሚጠራው ሰውም ደብዳቢዋ ሊሆን አይገባም።